ኢትዮጵያ በዓባይ የተሳካላት በበርበራ ለምን ከሸፈባት?

መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም. አሥመራ ላይ ሦስት መሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፦ የግብፁ አብዱልፈታህ አልሲሲ፣ የሶማሊያው ሐሰን ሼክ መሐመድ እና አስተናጋጁ ኢሳይያስ አፈወርቂ። ስብሰባው ማንን ታሳቢ ያደረገ እንደሆነ ለማወቅ የአካባቢውን ካርታ ማየት ብቻ ይበቃ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 3፣ የናይል ተፋሰስ አገራት የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት በሥራ ላይ ዋለ። ግብፅ ከ14 ዓመት በላይ ስትቃወመው የኖረችው ሰነድ ኢትዮጵያ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳ፣ ቡሩንዲና ደቡብ ሱዳን አጽድቀውት ሕግ ሆነ።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ኢትዮጵያ ትልቅ የዲፕሎማሲ ድል አገኘች፤ የከበደ የዲፕሎማሲ ኪሳራም ታየባት። አገሪቱ አንድ ናት፤ ባላንጣዋም ያችው ግብፅ ናት። ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ። ብዙ ሰው ምክንያቱን በመሪዎች ብልህነት ወይም ድክመት ይፈልጋል። ምክንያቱ ያለው ግን ሁለቱ ጉዳዮች በተሠሩበት መንገድ ላይ ነው። አንዱ በተቋም ተሠራ፤ ሌላው በጥቂት ሰዎች ፊርማ።

🔹 የዓባዩ መንገድ

የማዕቀፉ ድርድር ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። የውሃ መሐንዲሶች፣ የሕግ ባለሙያዎችና ዲፕሎማቶች እያንዳንዱን አንቀጽ ተከራክረውበታል። ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. ኢንቴቤ ላይ ኢትዮጵያ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ ሲፈርሙ የስምምነቱን ቃል ግብፅም ሱዳንም በእጃቸው ይዘውት ነበር። ይቃወሙ የነበረው የማያውቁትን ወሬ ሳይሆን የሚያውቁትን ጽሑፍ ነው።

ቀጥሎ የሆነው የበለጠ ያስተምራል። በ2003 ዓ.ም. ከግብፅ አብዮት ማግሥት የካይሮ የሕዝብ ልዑክ አዲስ አበባ ሲመጣ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሰነዱ ለምክር ቤት የሚቀርብበት ጊዜ ግብፅ የተመረጠ መንግሥት እስክታቋቁም እንዲዘገይ ተስማሙ። ግንቦት 26 ቀን 2005 ዓ.ም. የግብፅ ፖለቲከኞች ከፕሬዚዳንት ሙርሲ ጋር ተቀምጠው፣ በቀጥታ እየተላለፈ መሆኑን ሳያውቁ፣ ግድቡን እንዴት እንደሚያሰናክሉ ሲመክሩ በቴሌቪዥን ታዩ። ከአሥር ቀን በኋላ፣ ሰኔ 6፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስምምነቱን አጸደቀው።

ምክር ቤቱ እዚህ ላይ የሠራው ሥራ በደንብ ይታይ። ማዘግየቱ የመልካም ፈቃድ ምልክት ሆነ፤ ማጽደቁ ደግሞ መልስ ሆነ። ለተደራዳሪዎቹ ተጨማሪ ካርድ እንጂ እንቅፋት አልነበረም። ስምምነቱ በመለስ ዘመን ተፈርሞ፣ በኃይለማርያም ደሳለኝ ዘመን ጸድቆ፣ በዐቢይ አሕመድ ዘመን በሥራ ላይ ዋለ። ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አንድ መስመር።

🔹 የበርበራው መንገድ

የካቲት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የበርበራ ወደብ 19 በመቶ ባለድርሻ መሆኗ ተነገረ። 51 በመቶው የዱባዩ ዲፒ ወርልድ፣ 30 በመቶው የሶማሌላንድ ነበር። ያኔ አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም የመልቀቂያ ጥያቄ ካቀረቡ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። የሶማሊያ ፓርላማ ብዙም ሳይቆይ ዲፒ ወርልድን ከአገሪቱ የሚያግድ ውሳኔ አሳለፈ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ደግሞ የሶማሌላንድ ባለሥልጣናት ኢትዮጵያ የሚጠበቅባትን ሁኔታ ባለማሟላቷ ድርሻዋን አጥታለች አሉ። ድርሻው ሲገኝ በጭብጨባ ተበሠረ። ሲጠፋ ማን በኃላፊነት እንደተጠየቀ ለሕዝብ የተነገረ ነገር የለም።

ከዚህ ትምህርት ሳይወሰድ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የመግባቢያ ሰነዱ መጣ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የሶማሌላንዱ ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ አብዲ አዲስ አበባ ላይ ፈረሙ። የሰነዱ ሙሉ ቃል ግን ለሕዝብ አልቀረበም። ስለዚህ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ትርጉም ይዞ ወጣ። ሐርጌሳ “ዕውቅና እናገኛለን” አለች። የኢትዮጵያ መንግሥት መግለጫ ደግሞ የዕውቅናውን ጥያቄ በጥልቀት አጥንቶ አቋም ስለመውሰድ ነበር የሚያወራው። አንድ ወረቀት፣ ሁለት ንባብ። ሞቃዲሾ የከፋውን ንባብ መረጠች፤ በቀናት ውስጥም ሰነዱን ውድቅ የሚያደርግ ሕግ አወጣች።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሰንሰለት ይታወቃል። ሶማሊያ ከቱርክ ጋር የመከላከያ ስምምነት አደረገች፤ በነሐሴ 2016 ከግብፅ ጋር ወታደራዊ ስምምነት ፈረመች፤ የግብፅ መሣሪያ ሞቃዲሾ ገባ፤ አሥመራ ላይ ሦስቱ መሪዎች ተገናኙ። በናይል ላይ ብቻዋን እየቀረች የነበረችው ካይሮ በኢትዮጵያ ደጃፍ ወዳጅ አገኘች። በኅዳር 2017 ሙሴ ቢሂ በምርጫ ተሸነፉ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ታኅሣሥ 2፣ ኢትዮጵያ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር ባወጣችው መግለጫ የባሕር መዳረሻ ጥያቄዋ በሶማሊያ ሉዓላዊ ሥልጣን ሥር እንዲታይ ተስማማች።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እዚህ ላይ ፈስሶ ያልተለቀመም አለ።

የባሕር በር ጥያቄው ራሱ ስህተት ነው ማለት አይደለም። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር በአንድ ወደብ ላይ ተንጠልጥላ መኖር አትችልም። ጥያቄው ትልቅ ስለሆነ ነው በጥቂት ሰዎች እጅ መሠራት ያልነበረበት።

🔹 ጎረቤቶች እንዴት ይሠራሉ?

ኬንያን እንውሰድ ብሎ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ቅሌት ነው። መስከረም 4 ቀን 2015 ዓ.ም. ዊልያም ሩቶ ቃለ መሐላ በፈጸሙ ማግሥት ኬንያ ለሰሐራዊት ሪፐብሊክ የሰጠችውን ዕውቅና መሰረዟን በትዊተር ገጻቸው አስታወቁ። ጽሑፉ ብዙ ሳይቆይ ጠፋ። በቀናት ውስጥ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ኬንያ የውጭ ፖሊሲዋን የምታካሂደው በማኅበራዊ ሚዲያ ሳይሆን በመንግሥት ሰነዶች መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ናይሮቢ በ2017 ዓ.ም. ወደ ሞሮኮ አቋም ስታዘነብል ግን በሁለቱ ሚኒስቴሮች የጋራ መግለጫ ነበር። አቋሙ ትክክል ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቢያንስ ሚኒስቴሩ ለፕሬዚዳንቱ ስልክ መልስ የሚሰጥ አከርካሪ እንዳለው ታይቷል።

ሁለተኛው ምሳሌ ሄይቲ ነው። ጥር 17 ቀን 2016 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፖሊሶችን ወደ ሄይቲ መላክ፣ ከዚያች አገር ጋር የሚያስፈልገው ስምምነት ስለሌለ፣ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ አገደ። ከአምስት ሳምንት በኋላ የሄይቲው ጠቅላይ ሚኒስትር ናይሮቢ መጥተው ስምምነቱ ተፈረመ። ፖሊሶቹ በሰኔ ተሳፈሩ። በጉዳዩ ላይ ክርክሩ ቢቀጥልም፣ አንድ ዳኛ የአገሪቱን ትልቅ የውጭ ውሳኔ አስቁሞ “ወረቀቱን አምጡ” ማለት ችሏል።

ጅቡቲ ደግሞ በሌላ መንገድ ትሄዳለች። የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የጃፓን፣ የቻይናና የጣሊያን ጦር በአንዲት ትንሽ አገር ተቀምጦ ማንም ማንንም ሳያስወጣ ኪራይ ይከፍላል። ማሕሙድ ዓሊ ዩሱፍ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀመንበርነትን ሲወዳደሩ ስመ ጥሩውን ራይላ ኦዲንጋን አሸነፉ። በዚያው ሃያ ዓመት የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ስንት ሚኒስትር አየ? ሥዩም መስፍን፣ ኃይለማርያም ደሳለኝ፣ ቴድሮስ አድኃኖም፣ ወርቅነህ ገበየሁ፣ ገዱ አንዳርጋቸው፣ ደመቀ መኮንን፣ ታዬ አጽቀሥላሴ፣ ጌዴዎን ጢሞቴዎስ። ስምንት። ከነዚህ ውስጥ አንዱ ወንበሩ ላይ የቆዩት ለወራት ብቻ ነው።

ጅቡቲን ግን አርአያ ማድረግ አይገባም። የዚያ ጽናት ምንጭ ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ሥልጣን ላይ ያሉ አንድ ፕሬዚዳንት ናቸው። በሰው የቆመ ጽናት ሰውየው ሲሄድ ምን እንደሚሆን ገና አልተፈተነም።

🔹 ራቅ ብሎ ሲታይ

ዴንማርክ ውስጥ ሚኒስትሮች ለዋና ዋና የአውሮፓ ኅብረት ውሳኔዎች ወደ ብራስልስ ከመሄዳቸው በፊት በፓርላማው የአውሮፓ ጉዳዮች ኮሚቴ ፊት ቀርበው የድርድር አቋማቸውን ያስፈቅዳሉ። ይህ ሚኒስትሩን አያዳክመውም። ብራስልስ ላይ “ከዚህ በላይ ብሄድ ፓርላማዬ አይቀበለኝም” ማለት የሚችል ተደራዳሪ ያደርገዋል።

አሜሪካ ደግሞ የተቃራኒው ማስረጃ ናት። ባራክ ኦባማ እ.ኤ.አ. በ2015 ከኢራን ጋር የተደረሰውን የኑክሌር ስምምነት የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለሚጠይቀው የሴኔት ማጽደቂያ አላቀረቡም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ዶናልድ ትራምፕ በአንድ ፊርማ ወጡበት። አንድ ሰው የፈረመውን ሌላ ሰው ይቀደዋል። ኃያል መሆንም ከዚህ አያድንም።

🔹 “ምስጢር ነው” ለሚሉ

አንደኛው መከራከሪያ “ዲፕሎማሲ አደባባይ ላይ አይሠራም” የሚል ነው። እውነት ነው፤ ድርድር ምስጢር ሊሆን ይችላል። የድርድር ውጤት ግን ምስጢር ሊሆን አይችልም። በዝግ ስብሰባ የሚሰማ የምክር ቤት ኮሚቴ ማቋቋም ደግሞ ከባድ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው “የመግባቢያ ሰነድ እንጂ ውል አይደለም፣ መጽደቅ አያስፈልገውም” ይላል። ውል ካልሆነ የውል ዋጋ ለምን ተከፈለበት? ለአንድ ዓመት የጎረቤት ጠብ የተገዛበት ወረቀት ከብዙ ውሎች ይከብዳል።

ሦስተኛው “ምክር ቤቱ ራሱ እጅ ከማውጣት በቀር ምን ያደርጋል?” የሚል ነው። ይህ ጠንካራው መከራከሪያ ነው። የናይሉን ስምምነት ያጸደቀው ምክር ቤት ከ547 መቀመጫዎች 545ቱ በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ የተያዙ ነበሩ። ቢሆንም ያ ሂደት ለሰነዱ ሦስት ነገር ሰጠው፦ ጽሑፉ ታወቀ፤ ሕጋዊ አካል አገኘ፤ ቀጣዩን መንግሥት አሰረ። ደካማ ተቋም እንኳ ከባዶ ቦታ ይሻላል። ሕያው ተቋም ቢሆን ደግሞ ምን ይሠራ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

🔹 ምን ይደረግ?

ሕገ መንግሥቱ መንገዱን አስቀምጧል። አንቀጽ 86 የውጭ ግንኙነት መርሆዎችን ይዘረዝራል፤ አንቀጽ 55 አስፈጻሚው የሚያደርጋቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የማጽደቅ ሥልጣን ለምክር ቤቱ ይሰጣል። በ1995 ዓ.ም. የታተመው የውጭ ጉዳይና የአገር ደኅንነት ፖሊሲና ስትራቴጂ ብዙ ትችት ቢቀርብበትም፣ ማንም አንብቦ ሊሟገተው የሚችል የታተመ ሰነድ ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይጠየቁ። የባሕር በርን የሚመለከት ማንኛውም ሰነድ፣ ስሙ ውልም ይሁን መግባቢያ፣ ከመፈረሙ በፊት በምክር ቤቱ ኮሚቴ፣ ቢያስፈልግ በዝግ፣ ይሰማ። ከተፈረመ በኋላ ሙሉ ቃሉ ይታተም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም መሪ የወሰነውን የሚያስተባብል ሳይሆን ከመወሰኑ በፊት “ይህ ያስከፍላል” የሚል ባለሙያ የሚቀመጥበት ቤት ይሁን።

የባሕር በር ጥያቄ ከዛሬው መንግሥት በፊት ነበር፤ ከሱም በኋላ ይኖራል። ዓባይ መልስ ያገኘው ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ሊሸከሙት በሚችል ሰነድ ነው። ቀይ ባሕርም የሚጠብቀው እንዲህ ያለውን ሰነድ ነው።