ስለ ዜማ ልክና ስለ ገበያ ልክ

የቅኔ ቤት ሕግ እጅግ የጠበቀ መሆኑ በጉባኤ ላደገ ሰው ሁሉ የታወቀ ነው። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት፣ ሥላሴ በስድስት፣ መወድስ በስምንት ቤት እንዲሆን ተወስኗል፤ ከዜማው ልክ ቢያልፍ ወይም ቢጐድል መምህሩ ይመልሰዋል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ልክ ተሰጥቶት ሳለ፣ ሌላ ሰው ትናንት ያቀረበውን ቅኔ ዛሬ የራሱ አስመስሎ በማኅሌት የሚያሰማ ሰው እንደ ሌባ ይቈጠራል። ልክና አዲስነት እንግዲህ በአንድ ቤት ይኖራሉ።

ይህን ማንሣታችን ስለ ዛሬው ዘፈን ነው። ዘፈኑ ሁሉ አንድ ሆነ እየተባለ ሲታማ፣ ብዙ ሰዎች ጥፋቱን በልኩ ላይ ያደርጉታል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ትዝታና ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ታላላቆቹ ቅኝቶች አራት ብቻ ሲሆኑ፣ ቅኝት አነሰኝ ብሎ የተጨነቀ አዝማሪ አልሰማንም። ጥፋቱ ባለፈው ወር ብዙ ሰው የሰማው ዘፈን የከበሮው አመታት፣ የመግቢያው ርዝመትና የአዝማቹ ምልልስ ተለክቶ፣ ለሚቀጥለው ዘፋኝ እንደ ተሰፋ ልብስ መሰጠቱ ነው።

ነጋዴውን ሁሉ በአንድነት መውቀስ ግን ፍርድ ማጕደል ይሆናል። ሸክላ የማሳተም ሥልጣን በዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ በ1961 ዓ.ም. አቶ ዐምሐ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ በራሳቸው ገንዘብ ማሳተም ጀመሩ፤ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም ከ100 የሚበልጡ ሸክሎችን አወጡ። የአለማየሁ እሸቴ ድምፅ በመጀመሪያው ሸክላቸው ተሰማ። እርሳቸውም ትርፍ ፈላጊ ነበሩ፤ ሆኖም ገንዘባቸውን ያወጡት ይሸጥ አይሸጥ ባልታወቀ ነገር ላይ ነው። የዛሬው ነጋዴ ግን በዩቲዩብ የአድማጩን ቍጥር በየሰዓቱ ስለሚያይ፣ የሚገዛው ዘፈኑን ሳይሆን መመሳሰሉን ነው።

ሕግም በዚህ አይረዳንም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 410 የተሰረቀውን ሥራ ያስመልሳል፤ የአሠራር ስልትን ግን ለማንም በርስትነት አይሰጥም፤ ደግሞም መስጠት የለበትም።

ስለዚህ ነገሩ ወደ አሠሪው ይመለሳል። በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ጆሯቸውን ያሰለጠኑ ካህናት፣ የሠርግ ዘፈን አመታት ለብሶ የሚመጣውን መዝሙር ሲሰሙ ሕዝቡ ወደደው ብለው ዝም ማለታቸው ያሳዝነናል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ለበዓል ዘፈን ለማሠራት በተጻፈ አንድ ውል ላይ «እንደ አምናው ይሁን» የሚል ቃል በዓይናችን አይተናል። እንደ አምናው ከሆነስ፣ አምና የተከፈለበትን ስለ ምን ዳግመኛ እንገዛለን?