ስቮቦዳ፤ ነፃነት የተባለው የቤተ ሰብ ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል የአገራችን ሰው። በእኛ ዘንድ ልጅ ነፃነት ተብሎ ቢጠራ ስሙ የራሱ ነው፤ ልጆቹ ከስማቸው ቀጥለው ይጠሩበታል፤ ከልጅ ልጆቹ በኋላ ግን እየተረሳ ይሄዳል። በቼኮች አገር ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ አንድ ቅድመ አያት ያገኘው ስም እንደ ርስት ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል። ዛሬ የምንመለከተው ስም «ስቮቦዳ» የሚባለውን ነው። ትርጓሜውም ነፃነት ማለት ነው። በብዛቱ በቼክ ሪፑብሊክ ከኖቫክ ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ከየት መጣ? በቀድሞው ዘመን በቦሔሚያና በሞራቪያ አብዛኛው ገበሬ የባለ መሬቱ ጌታ ቁራኛ ነበር። ያለ ጌታው ፈቃድ ከመንደሩ ሊወጣም ሆነ ሊያገባ አይችልም ነበር። ሆኖም የራሳቸውን መሬት የያዙ፣ ለመኳንንት የማያድሩ ጥቂት ገበሬዎች ነበሩ። ጎረቤቶቻቸው «ስቮቦዳ» ይሏቸው ነበር። ከጌታው ነፃ የወጣ ሰውም በዚሁ ይጠራ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ በ1781 ያንን ቁራኝነት ሻሩ፤ በዚያው በ1780ዎቹም እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የማይለወጥ ስም እንዲይዝ ታዘዘ። የጉልበት ግብር ግን እስከ 1848 ቆየ። ስለዚህ ነፃነት እየተባለ ለሌላው ሲያርስ የኖረ ሰው እንዳለ መገመት አያስቸግርም።

ሴት ስትሆን ስሙ «ስቮቦዶቫ» ይሆናል። ታዋቂዋ ደራሲ ሩዠና ስቮቦዶቫ (1868–1920) በዚህ ስም የተጠሩት ደራሲውን ፍ. ክ. ስቮቦዳን በማግባታቸው ነው። ከ2022 ወዲህ የቼክ ሴቶች የወንዱን ስም ሳይለውጡ ለመያዝ በሕግ ተፈቅዶላቸዋል።

በዚህ ስም ከተጠሩት ሁሉ ታሪካቸው እጅግ የሚያሳስበው ጄኔራል ሉድቪክ ስቮቦዳ ናቸው። የተወለዱት በ1895 ከገበሬ ቤተ ሰብ ነው። ናዚዎች አገራቸውን ሲይዙ ወደ ምሥራቅ ተሰደዱ፤ በማርች 1943 በሶቪየት ኅብረት የተቋቋመውን የቼኮስሎቫክ ጦር እየመሩ በሶኮሎቮ ተዋጉ። በአገር ቤት የቀረው ልጃቸው ሚሮስላቭ ግን በማውትሃውዘን የእስረኞች ሰፈር ተገደለ። ከጦርነቱ በኋላ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። በ1948 ኮሙኒስቶች ሥልጣን ሲይዙ ጦሩ እንዳይቃወማቸው አደረጉ። እነዚያው ሰዎች በ1950 ከሚኒስትርነት አነሡአቸው፤ ቀጥሎም አሰሩአቸው። ሲፈቱ በትውልድ መንደራቸው የገበሬዎች ማኅበር ሒሳብ ያዥ ሆነው ሠሩ።

በ1968 በፕራግ የለውጥ ነፋስ ሲነፍስ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ኦገስት 21 ቀን የሶቪየትና የተባባሪዎቿ ጦር አገሪቱን ወረረ፤ አሌክሳንደር ዱብቼክና ጓደኞቻቸውም ተይዘው ተወሰዱ። የ72 ዓመቱ ሽማግሌ ወደ ሞስኮ ሄደው «እነ ዱብቼክ ካልመጡ አልነጋገርም» አሉ። እነ ዱብቼክ መጡ፤ ነገር ግን ኦገስት 26 ቀን ለውጡን የሚሽር ሰነድ ቀረበላቸው። ነፃነት የተባሉት ፕሬዚዳንት ፈረሙ። ከልዑካኑ መካከል አልፈርምም ያሉት ሐኪሙ ፍራንቲሼክ ክሪገል ብቻ ነበሩ። ስቮቦዳ እስከ 1975 በፕሬዚዳንትነት ቆዩ፤ የሶቪየት ጦር ግን እስከ 1991 አልወጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዱ «የሰዎቹን ሕይወት አተረፉ» ሲል፣ ሌላው «የአገሪቱን ነፃነት ፈርመው ሰጡ» ይላል።

ሌሎቹ ስቮቦዳዎች ስማቸውን ያስጠሩት በሌላ ሥራ ነው። ዮሴፍ ስቮቦዳ (1920–2002) አናጢነት ተምረው በኋላ በዓለም የታወቁ የቴአትር መድረክ ሠሪ ሆኑ። ፊልምና ሕያው ተዋናይን ያጣመረውን «ላተርና ማጊካ» በ1958 በብራስልስ የዓለም ትርዒት ላይ ከአልፍሬድ ራዶክ ጋራ አቀረቡ። ካሬል ስቮቦዳ (1938–2007) ደግሞ የሲንደሬላን ተረት ለሚያሳየው ለ1973ቱ የቼክ ፊልም ሙዚቃውን የደረሱ ናቸው።

ፔትር ስቮቦዳ የእኛን የገና ጨዋታ የሚመስለው የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ነው። በ1984፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ለውድድር ወደ ምዕራብ ጀርመን ሄዶ በዚያው ኰበለለ፤ በካናዳም ሞንትሪያል ተጫወተ። በ1998 ግን በጃፓን ናጋኖ በተደረገው ኦሊምፒክ ለአገሩ ተሰልፎ፣ ቼኮች ሩሲያን 1 ለ 0 ያሸነፉበትን የፍጻሜ ግብ ያገባው እርሱ ነበር። 1968ን የሚያስታውስ ሰው ያን ዕለት «ስቮቦዳ!» ብሎ ሲጮኽ የጠራው ተጫዋቹን ብቻ እንዳልነበረ እንገምታለን።

እንግዲህ መልአክ ስም ቢያወጣም ሥራውን የሚሠራው ሰው ነው። ስም ከአባት ይወረሳል፤ ነፃነት ግን ሊወረስ አይችልም፤ እያንዳንዱ በተራው ይከፍልበታል። ጄኔራሉን ለመፍረድ የሚቸኩል አንባቢ ቢኖር፣ የልጅን ሞት ያየ አባት ሌሎችን ሰዎች በሕይወት ይዞ ለመመለስ ምን ያህል እንደሚሰጥ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ። ለማመስገን የሚቸኩልም ቢኖር የክሪገልን ስም አይርሳ።