ለቁራ ጥብቅና

«ወፍ ምን አእምሮ አለውና! ሁሉን በደመ ነፍስ ነው የሚሠራው» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ይከነክነኛል። ያልተማረ ሰው ቢለው ባልከፋኝ፤ የሚሉት ግን የተማሩት ናቸው። ደመ ነፍስ የምትባለው ቃል የጥያቄ መዝጊያ ቁልፍ ሆናለች።

ነገሩ ደመ ነፍስ ብቻ ከሆነ፣ ዊልያም ቶርፕ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ካምብሪጅ ላይ ከወገኖቻቸው ነጥሎ ያሳደጋቸው ቻፊንች የተባሉ ወፎች የወገናቸውን ዜማ ማዜም ለምን ተሳናቸው? ጫጩት አስቀድሞ የታላላቆቹን ዜማ ይሰማል፤ ቀጥሎ እንደ ሕፃን ይኮላተፋል፤ ራሱን እያዳመጠም ያርማል። ይህ መማር ካልተባለ መማር ምንድን ነው?

ተከራካሪዎቼ የኒው ካሌዶንያን ቁራዎች ይጠቅሱብኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ምንም አርአያ ሳያዩ በሰው እጅ ያደጉት ጫጩቶች በእንጨት ምግብ መጎርጎር መጀመራቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። ዳሩ ግን በዱር ያሉት ታዳጊዎች የፓንዳነስን ቅጠል ቀድደው እንደ ጎልማሶቹ መሣሪያ ለማበጀት ከዓመት በላይ ይፈጅባቸዋል። እስኪክኑ ድረስ ይቀድዳሉ፣ ያበላሻሉ፣ ይጥላሉ፤ ወላጆቻቸውም ለወራት እየመገቡ ይታገሷቸዋል። ተፈጥሮ ዝንባሌውን ሰጠች እንጂ ሙያውን አልሰጠችም።

እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ሲሞን ፒካና ባልደረቦቿ በሰው እጅ ያደጉ ስምንት ቁራዎችን ከ4 ወር ዕድሜ ጀምሮ ፈተኗቸው። ብዛትን በመለየት፣ ምክንያትና ውጤትን በማገናዘብ፣ የሌላውን ምልክት በመረዳት የ4 ወር ቁራ ከጎልማሳ ቺምፓንዚና ኦራንጉታን ጋር ተቀራራቢ ውጤት አመጣ። ስምንት ወፍ ስለ ዱር ቁራ ሁሉ አይመሰክርም፤ «አእምሮ የለውም» የሚለውን ፍርድ ለመሻር ግን ይበቃል።

እኛ ግን ከኖኅ መርከብ ወጥቶ ቀረ ብለን እስከ ዛሬ «የቁራ መልእክተኛ» እያልን እናማዋለን። እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። በልጅነቴ፣ ከእናታቸው ኋላ እየተከተሉ የሚንጫጩ የቁራ ግልገሎችን ጩኸታቸው ሰልችቶኝ በወንጭፍ አባርሬአለሁ። ትምህርት ላይ እንደነበሩ ማን ነግሮኝ!

ይህ ጥብቅና እንግዲህ ያለብኝ ዕዳ ነው። «በደመ ነፍስ ነው» የሚል ሁሉ ድንጋዩን ጥሎ አንድ ጫጩት እስኪያድግ ድረስ ቁጭ ብሎ ይመልከት፤ ከዚያ እንከራከር።