አለመታመን እንደ ማኅበራዊ መገለል፦ የባይሴክሹዋል ሰዎች ጉዳይ በአሜሪካ

ስለ ማኅበራዊ መገለል የሚጻፉ ጥናቶች በአብዛኛው የሚያተኩሩት በሚታይ በደል ላይ ነው፤ ከሥራ መባረር፣ ከቤተሰብ መነጠል፣ ስድብና ድብደባ። ባይሴክሹዋል ሰዎች፣ ማለትም ለሁለቱም ፆታ የፍቅር ዝንባሌ ያላቸው (ስያሜው በአማርኛ ገና ስላልረጋ የውጭውን ቃል ይዣለሁ)፣ ከዚህ ሁሉ አያመልጡም። ዋነኛው መገለላቸው ግን በእኔ እምነት ሌላ ነው፤ ስለ ራሳቸው የሚሰጡት ቃል አይታመንም። የአሜሪካ ተሞክሮ ይህን በግልጽ ያሳያል። ካላመኑት መካከል ሳይንስም ይገኝበታል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመና የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲው ማይክል ቤይሊ የተሳተፉበት የቤተ ሙከራ ጥናት፣ ባይሴክሹዋል ነን ያሉ 33 ወንዶችን አካላዊ ምላሽ ለክቶ በአብዛኛው ወደ አንዱ ፆታ ብቻ ያደላ ሆኖ አገኘው። ኒውዮርክ ታይምስ ይህን ሲዘግብ ሰዎቹ ይዋሹ እንደሆነ የሚጠይቅ አርእስት ሰጠው። በ2011 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሌላ ጥናት፣ ተሳታፊዎቹን ከሁለቱም ፆታ ጋር በነበራቸው የግንኙነት ታሪክ ሲመርጥ፣ ለሁለቱም ምላሽ እንዳለ አሳየ። በ2020 ደግሞ የስምንት ጥናቶችን መረጃ በአንድነት የተነተነ ሥራ ይህንኑ አጸና፤ ቤይሊም ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነበሩ። ሳይንስ ራሱን ማረሙ ያስመሰግነዋል። ይሁን እንጂ የሰዎቹ ቃል በመሣሪያ እስኪረጋገጥ ለአሥራ አምስት ዓመታት በይደር ተይዞ ቆይቷል። ሴት ብቻ እወዳለሁ የሚል ወንድ እንዲህ ያለ ማስረጃ አምጣ ሲባል አልሰማንም።

የሕግ ምሁሩ ኬንጂ ዮሺኖ በ2000 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ተቃራኒ ፆታ አፍቃሪዎችም ሆኑ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ባይሴክሹዋልነትን ከዓይን የመሰወር የጋራ ጥቅም እንዳላቸው ተከራክረዋል። ሁለቱም ወገኖች የማንነታቸው ድንበር የተረጋጋ እንዲሆን ይፈልጋሉና።

ጥርጣሬው ፍርድ ቤት ሲገባ መዘዙ ይከብዳል። በ2016 ቺካጎ የሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የአንድ ጃማይካዊን ጉዳይ ተመለከተ። ሰውየው ባይሴክሹዋል በመሆኑ ወደ አገሩ ቢመለስ ለአደጋ እንደሚጋለጥ ቢያመለክትም የኢሚግሬሽን ዳኛው አላመኑትም፤ አብላጫው ድምፅም ውሳኔውን አጸና። በቃሉ ውስጥ ሌሎች መጣረሶች መጠቀሳቸው እውነት ነው። ሆኖም በሐሳብ የተለዩት ዳኛ ሪቻርድ ፖዝነር፣ ከሴት ጋር ተጋብቶ መኖሩ ባይሴክሹዋል ላለመሆኑ ማስረጃ ተደርጎ መወሰዱን ነቅፈው፣ የኢሚግሬሽን ዳኛው የቃሉን ትርጉም የሚያውቁ እንደማይመስል ጻፉ።

ከተቃራኒ ፆታ ጋር ትዳር መመሥረት ስለሚችሉ ሸክማቸው ቀላል ነው የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። የፒው የጥናት ማዕከል በ2013 ባወጣው ዳሰሳ፣ በሕይወታቸው ቦታ ያላቸው ሰዎች በሙሉ ወይም አብዛኞቹ ዝንባሌያቸውን እንደሚያውቁ የተናገሩት ባይሴክሹዋሎች 28 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ከሆኑት ወንዶች 77፣ ከሴቶቹ ደግሞ 71 በመቶ ይህንኑ ተናግረዋል። ሳይታወቁ መኖርን ተቀባይነት ብሎ መጥራት ያስቸግራል። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በዚያው ዓመት ያወጣው ሪፖርት ደግሞ፣ በሕይወት ዘመናቸው ከፍቅር ጓደኛ ወይም ከትዳር አጋር መደፈር፣ አካላዊ ጥቃት ወይም ክትትል የደረሰባቸው ባይሴክሹዋል ሴቶች 61 በመቶ መሆናቸውን ያሳያል። ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ከሆኑት ሴቶች 44፣ ከተቃራኒ ፆታ አፍቃሪዎቹ 35 በመቶ ናቸው።

ይህ ልዩነት የታወቀው ምድቦቹ ተለያይተው ስለተቆጠሩ ነው። ብዙ ጥናቶች የናሙና ቁጥር ሲያንሳቸው ባይሴክሹዋሎችን ከተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ጋር ይደምራሉ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ግን ቢያንስ መደመራቸውን መግለጽና የየምድቡን ቁጥር በሰንጠረዥ ማስቀመጥ አያዳግትም። መጠይቁም መስህብን፣ ድርጊትንና ሰው ለራሱ የሚሰጠውን ስያሜ ለየብቻ ቢጠይቅ ይሻላል። ፍሪትዝ ክላይን እነዚህን የሚነጣጥል ሰንጠረዥ ካዘጋጁ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ብዙ መጠይቆች ግን ዛሬም ምልክት የሚደረግበት አንድ ሣጥን ብቻ ነው ያላቸው።