ስጋቱን የሚሸከመው ማን ነው?

ሰሞኑን በአንድ የኃይል ዘርፍ ውይይት ላይ አንድ አማካሪ መድረኩን ይዘው ሲናገሩ ሰማሁ። መንግሥት ኃይል ማመንጨቱን ለግል አምራቾች ቢለቅ ከስጋት ነፃ ይሆናል፣ ገንዘቡንም ኪሳራውንም ባለሀብቱ ይሸከመዋል አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። የትኛውን ስጋት ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ይኸው አባባል በየመድረኩና በየመግለጫው እንደ ተረጋገጠ ነገር ሲደጋገም ኖሯል። ጉዳዩን በቅጡ የሚያውቁ ሰዎች ጭምር ሲደግሙት ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። አባባሉ ሐሰት ነውና።

የግል አምራች የሚመጣው የኃይል ግዢ ስምምነት ይዞ ነው። ውሉ ብዙውን ጊዜ ለ20 ወይም ለ25 ዓመት ይፈረማል። በውሉ መሠረት ጣቢያው ለማመንጨት ዝግጁ እስከሆነ ድረስ ኃይሉ ተፈለገም አልተፈለገም ይከፈለዋል። ዋጋው የሚሰላው በአብዛኛው በዶላር ወይም በዩሮ ነው። ገዢው የመንግሥት መሥሪያ ቤት መክፈል ቢያቅተው የአገሪቱ ግምጃ ቤት ይከፍላል፤ ክርክር ቢነሳ የሚዳኘው ባሕር ማዶ ነው። እንግዲህ ገበያ ቢጠፋ ከፋዩ መንግሥት ነው። የአገር ገንዘብ ቢወድቅ ከፋዩ መንግሥት ነው። ገዢው ቢከስርም ከፋዩ መንግሥት ነው። ለባለሀብቱ የሚቀረው የግንባታውና ጣቢያውን የማንቀሳቀስ ስጋት ነው፤ እሱንም አስቀድሞ አስልቶ በታሪፉ ውስጥ ጨምሮታል።

ኬንያን እንይ። ከቱርካና ሐይቅ አጠገብ፣ ሎያንጋላኒ በሚባል ደረቅና ነፋሻ ምድር ላይ 365 የንፋስ ተርባይኖች ተተከሉ፤ 310 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ባለሀብቶቹ ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ አጠናቀቁ። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የማስተላለፊያ መስመር ለመዘርጋት ግዴታ የገባው ግን መንግሥት ነበር። የመስመሩ ሥራ ተቋራጭ የነበረው የስፔን ኩባንያ ከሰረና ሥራው ተጓተተ፤ ተርባይኖቹ ከኃይል መረቡ ጋር የተገናኙት በመስከረም 2018 ነው። ከአንድ ዓመት በላይ አንዲት አምፖል ሳያበሩ ቆሙ ማለት ነው። በውሉ መሠረት ግን የኬንያ መንግሥት ላልደረሰው ኃይል በቢሊዮን የሚቆጠር ሽልንግ ዕዳ ተጣለበት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባላል፤ ኬንያውያን ያላዩትን ወተት ዋጋም ከፈሉ። የመስመሩ ስጋት የባለሀብቱ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡን ከማፍሰሱ በፊት መስመሩ የት እንደደረሰ ሄዶ ያይ ነበር። የእሱ ስላልሆነ መጨነቅ አላስፈለገውም።

ጋናም ከዚህ አልተሻለችም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በተከታታይ የመብራት መጥፋት ስትታመስ፣ መንግሥት በጥድፊያ ከግል አምራቾች ጋር ውል ላይ ውል ፈረመ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የአገሪቱ የተተከለ አቅም 5,000 ሜጋ ዋት ገደማ ሆነ፤ ከፍተኛ ፍላጎቷ ግን 2,700 ሜጋ ዋት አካባቢ ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ ኬን ኦፎሪ አታ እ.ኤ.አ. በ2019 ምክር ቤት ቀርበው፣ መንግሥት ለማይጠቀምበት የማመንጨት አቅም በየዓመቱ ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚከፍል ተናገሩ። በ2023 ደግሞ አምራቾቹ ውዝፍ ዕዳችን ካልተከፈለን ጣቢያዎቹን እንዘጋለን አሉ። ትርፍ ሜጋ ዋት የገዛችው አገር እንደገና የጨለማ ማስፈራሪያ ደረሳት። በነፃ ገበያ ገዢ የሌለው ዕቃ ያመረተ ነጋዴ ይከስራል። እዚህ የከሰረው የጋና ሕዝብ ነው።

ከሁሉም የቆየው ትምህርት የሕንዱ ዳቦል ነው። የአሜሪካው ኤንሮን እ.ኤ.አ. በ1993 ከማሃራሽትራ ግዛት የኤሌክትሪክ ቦርድ ጋር በተፈራረመው ውል ዋጋው ከዶላር ጋር ታሰረ፤ ማዕከላዊው መንግሥትም ዋስትና ሰጠ። የዓለም ባንክ በዚያው ዓመት ፕሮጀክቱ በኢኮኖሚ አያዋጣም ብሎ ብድር ከልክሎ ነበር። ሰሚ አልተገኘም። ጣቢያው በ1999 ሥራ ሲጀምር የሩፒው ዋጋ ወርዷል፤ የነዳጁ ዋጋም ብዙ ሳይቆይ ወደ ላይ ወጣ። ሂሳቡ የማይቀመስ ሆነ። በ2001 ቦርዱ መግዛቱን አቆመ፣ ጣቢያውም ተዘጋ። ኤንሮን ራሱ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደቀ። በ2005 የሕንድ መንግሥት በሕዝብ ኩባንያዎቹ አማካይነት ጣቢያውን ለመረከብ ተገደደ። ስጋቱን ለባለሀብት አስረክበናል የተባለለት ሥራ ተመልሶ መንግሥት ጭን ላይ አረፈ።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ታሪክ ነው የሚለኝ ሰው የሐምሌ 2016 ዓ.ምን ያስታውስ። የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አሁን በሶማሌ ክልል ጋድና በአፋር ክልል ዲቼቶ ታቅደው የነበሩትን የፀሐይ ኃይል ጣቢያዎች እናንሳ። እ.ኤ.አ. በ2019 የሳዑዲው አክዋ ፓወር ጨረታውን ሲያሸንፍ ያቀረበው ዋጋ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ በርካሽነቱም ብዙ ተወራለት። ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር ይህ ዋጋ 1 ብር ከ44 ሳንቲም ገደማ ነው። በ130 ብር ሲመነዘር 3 ብር ከ28 ሳንቲም ይሆናል። ፀሐዩ ያው፣ መስታወቱ ያው፣ ዋጋው ግን ከእጥፍ በላይ። ጣቢያዎቹ ተሠርተው ቢሆን ኖሮ ይህን ልዩነት ይከፍል የነበረው ማን ነው? ባለሀብቱ አይደለም። በብር የምትሸጠው፣ በብር የምትሰበስበው አገር ናት። የአገሪቱ ድርሻ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ካርድ ሞልታ፣ ምጣዷን ጥዳ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው እናት ሂሳብ ላይ ይወድቃል።

የእሷም ችግር ቢሆን ሌላ ነው። ሊጡ ቡሃቃው ውስጥ እየጠበቀ መብራት የሚጠፋባት ብዙ ጊዜ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ስለተቃጠለ፣ ምሰሶው ስለበሰበሰ፣ ሽቦው ጭነቱን መሸከም ስላቃተው ነው። የግል አምራቹ ኃይሉን የሚያስረክበው ጣቢያው በር ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያና ቆጣሪ የመንግሥት ኃላፊነት ሆኖ ይቀራል። ትርፍ የማይገኝበትን ሥራ የሚሻማ ባለሀብት አላየንም።

ያለ ዋስትና ባንክ አያበድርም፣ ያለ ዶላርም ባለሀብት አይመጣም የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። ትክክል ነው! ይህ መልስ ግን የእኔን ክርክር ያጠናክራል። ባንኩ የሚያበድረው መንግሥትን አምኖ ከሆነ ዕዳው የመንግሥት ነው። የ25 ዓመት የዶላር ግዴታ በማንኛውም ቋንቋ ዕዳ ነው። ዕዳ ነው ብላችሁ አምጡትና እንከራከርበት። ከስጋት ነፃ የሆነ ሀብት አስመስሎ ማቅረብ ግን ሕዝብን ማታለል ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ታላቁን የሕዳሴ ግድብ የሠራነው ቦንድ ገዝተን፣ ከደመወዛችን አዋጥተን ነው። ዘገየ፣ ብዙ ወጪም አስወጣ፤ ስጋቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደተሸከምን እናውቅ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ሲመረቅ ግን 5,150 ሜጋ ዋቱም የእኛው ሆነ። ስጋቱን ሕዝብ ከተሸከመው ንብረቱም የሕዝብ መሆን አለበት።

የግል አምራች ፈጽሞ አይግባ አልልም። ይግባ፤ ግን ስጋቱን ይዞ ይግባ። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ሙሉ ቃሉ ይታተም። የመንግሥት ዋስትና ያለበት የኃይል ግዢ ውል ሁሉ እንደ ማንኛውም የብድር ስምምነት ምክር ቤት ቀርቦ፣ በየዓመቱ ስንት ዶላር እንደሚያስከፍል ተነግሮ ይጽደቅ። ላልተጠቀምንበት ኃይል አንክፈል፤ ከዋጋውም ቢያንስ ለአገር ውስጥ ወጪው የሚውለው በብር ይሰላ። በዚህ አልስማማም የሚል ባለሀብት ስጋት ለመሸከም አልመጣም ማለት ነው፤ እንግዲያውስ ከእሱ የምንገዛው ውድ ብድር ብቻ ነው። ብድር ካስፈለገን ደግሞ ራሳችን ተበድረን፣ ጣቢያውን በስማችን እንትከል።