ሳይመረመር ስለሚከሰሰው የካሚዮን ኮምፒዩተር

የቤት ሀብት የሚባለው በሣጥን የተቈለፈው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ዕቃ እያመላለሰ ወይም እርሻ እያገለገለ የቤተ ሰቡን ቀለብ የሚያመጣው ካሚዮንም ከቤት ሀብት አንዱ ነው። ስለዚህ ካሚዮኑ በድንገት ሲቆም የሚጨነቀው ነጂው ብቻ አይደለም፤ ወጪና ገቢውን የምትቈጣጠረው እመቤትም፣ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚጠብቀው ልጅም አብረው ይጨነቃሉ። በጭንቀት ጊዜ ደግሞ ሰው ለፍርድ ይቸኵላል። በዚህ ዘመን በችኰላ ከሚሰጡት ፍርዶች አንዱ «ኮምፒዩተሩ ተቃጥሏል» የሚለው ነው። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ምስክር ሳይሰማ የሚሰጥ፣ ብዙ ገንዘብም የሚያስወጣ ስለ ሆነ፣ ምርመራው በምን ሥርዓት መካሄድ እንደሚገባው ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጥ አሰብን።

ነገሩ በጥቅሉ ሆኖ እንዳይቀር አንድ የታወቀ ሞተር ለምሳሌ እንወስዳለን። ይኸውም በአሜሪካ አገር ናቪስታር የተባለው ኩባንያ ለፎርድ ካሚዮኖች የሠራው፣ 8 ሲሊንደርና ቱርቦ ያለው፣ መጠኑ 7.3 ሊትር የሆነው የናፍጣ ሞተር ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1994 እስከ 2003 ዓ.ም. በፎርድ ካሚዮኖች ላይ ሲገጠም ቈይቷል። ከእነዚህ ካሚዮኖች የመጨረሻው እንኳ ዛሬ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ነገር ግን እስከ አሁን ድረስ በሥራ ላይ ያሉ ብዙዎች ናቸው።

የዚህ ሞተር አሠራር የራሱ ጠባይ አለው። ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር ገፍቶ የሚያስረጨው ኀይል የሚመጣው ከሞተሩ ዘይት ነው። አንድ ፓምፕ ዘይቱን በካሬ ኢንች ከ500 እስከ 3,000 ፓውንድ በሚደርስ ግፊት ወደ ኢንጀክተሮቹ ይልከዋል። በየኢንጀክተሩ ውስጥ ያለው ፒስተን ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ በመሆኑ ግፊቱ በናፍጣው ላይ 7 እጥፍ ይሆንና እስከ 21,000 ፓውንድ ይደርሳል። የዘይቱ ግፊት ወደ 500 ካልደረሰ ግን ሞተሩ አይነሣም። እንግዲህ ሞተሩ እንቢ ባለ ጊዜ ከማናቸውም ነገር አስቀድሞ የዘይቱን ልክ ማየት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ኮምፒዩተሩ ይህን ሁሉ የሚያዝዘው በዓይኑ አይቶ አይደለም። ሴንሰር የሚባሉት ጠቋሚዎች የዘይቱን ግፊት፣ ሙቀቱን፣ የአየሩን ግፊትና የካምሻፍቱን አዟዟር በኤሌክትሪክ ምልክት ይነግሩታል፤ እርሱም በሰማው መጠን ያዝዛል። የተነገረው ሐሰት ከሆነ ትእዛዙም የተሳሳተ ይሆናል። ደግሞም የተጻፈው የስሕተት ቍጥር የሚገልጠው ኮምፒዩተሩ የሰማውን ነገር እንጂ በደለኛውን አይደለም። ለምሳሌ በዚህ ሞተር ላይ ፒ 1211 የሚለው ቍጥር «ያዘዝሁት የዘይት ግፊትና የተነገረኝ ግፊት አልተስማሙም» ማለት ነው። ምክንያቱ ግን የዘይት ማነስ፣ የፓምፕ ማርጀት፣ የግፊት መቈጣጠሪያው ቫልቭ መያዝ፣ በኢንጀክተሮቹ ዙሪያ ያለው ጎማ ማፍሰስ፣ ወይም የሴንሰሩ ሐሰት መናገር ሊሆን ይችላል። ቍጥሩን አንብቦ ወዲያው ዕቃ የሚገዛ ሰው ከእነዚህ ሁሉ አንዱን በዕጣ እንደ መረጠ ይቈጠራል።

ስለዚህ የምርመራው መጀመሪያ ባትሪ፣ ፊውዝና ወደ ሻንሲው የሚመለሰው ሽቦ ነው። ይህ ካሚዮን 2 ባትሪዎች አሉት። ባትሪዎቹ ደክመው ሞተሪኖው በዝግታ ሲያዞር የዘይቱ ግፊት ሳይደርስ ይቀራል፤ ለኮምፒዩተሩ የሚደርሰውም ኤሌክትሪክ ያንሳል። ቀጥሎም ቍልፉ ሲከፈት ካንዴላዎቹ እስኪሞቁ «ጠብቅ» የሚለው መብራት መብራቱን ማየት ነው። ጨርሶ ካልበራ ኮምፒዩተሩ ኤሌክትሪክ አላገኘ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰዎች «ሞተ» ብለው ይፈርዱበታል። ነገር ግን በናፍጣ ማጣሪያው ውስጥ ያለው ማሞቂያ አርጅቶ ሽቦው ሲነካካ ለኮምፒዩተሩም የሚያገለግለውን ፊውዝ የሚያቃጥልበት ጊዜ አለ። የማሞቂያውን ሶኬት ነቅሎ ፊውዙን መለወጥ ጥቂት ሳንቲም ያስወጣል፤ አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት ግን የወራት ቀለብ ይበላል።

ሁለተኛው ሥራ በማንበቢያው መሣሪያ የታዩትን ቍጥሮች ሁሉ በደብተር መጻፍ ነው። ከመጻፋቸው በፊት የሚሰርዛቸው መካኒክ ማስረጃውን ያጠፋል። ችግሩ የደረሰው ሞተሩ ሲሞቅ ነው ወይስ ሲበርድ፣ በዝናብ ነው ወይስ በደረቅ፣ በዳገት ነው ወይስ በሜዳ የሚለውን ነጂው አብሮ ይጻፍ።

ሦስተኛው ሥራ ሞተሩ ሳይነሣ ሴንሰሮቹን እርስ በርስ ማመሳከር ነው። ካሚዮኑ ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ ጧት ቍልፉ ብቻ ሲከፈት የዘይቱና የሚገባው አየር ሙቀት ከውጭው አየር ጋር ሊቀራረቡ ይገባል። እንዲሁም የቱርቦውን አየር የሚለካው፣ የጭሱን ግፊት የሚለካውና የአካባቢውን አየር የሚለካው ሦስቱ ሴንሰሮች ሞተሩ ቆሞ ሳለ የሚናገሩት አንድ ዓይነት ነው። ይህም በባሕር ጠረፍ በካሬ ኢንች 14.7 ፓውንድ ያህል፣ ከባሕር በላይ 1,600 ሜትር ከፍ ባለችው በዴንቨር ከተማ 12 ያህል፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ 11 ያህል ነው። እንግዲህ በደጋ አገር 11 ያነበበ ሰው ሴንሰሩ ተበላሸ ብሎ እንዳይጥለው ይጠንቀቅ። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ከተለየ ግን መጠርጠር ያለበት እርሱ ነው።

የዘይቱን ግፊት የሚለካው ሴንሰር ሞተሩ ቆሞ ሳለ የሚሰጠው ምልክት ወደ 0.2 ቮልት የቀረበ ነው። ከዚህ እጅግ ከበለጠ፣ ግፊት ሳይኖር ግፊት አለ ይላል ማለት ነው። ይህንንም በቀላሉ መፈተኛ መንገድ አለ፤ የሴንሰሩ ሶኬት ሲነቀል ኮምፒዩተሩ በራሱ ግምት ይሠራል። ሶኬቱ ተነቅሎ ሞተሩ ቢሻለው ወይም ቢነሣ ሴንሰሩ ሐሰተኛ መሆኑ ይታወቃል። በሶኬቱ ውስጥ ዘይት ቢገኝም ሴንሰሩ ማፍሰሱን ያስረዳል።

ከሁሉ ይልቅ ለሰው ሕይወት የሚያሠጋው የካምሻፍቱን አዟዟር የሚከታተለው ሴንሰር ነው። ይህ ሲቋረጥ ኮምፒዩተሩ ናፍጣውን በየትኛው ጊዜ እንደሚያስረጭ አያውቅምና ሞተሩ በጕዞ ላይ ሳለ ቀጥ ይላል። በዚሁ ምክንያት ፎርድ በ2007 ዓ.ም. ይህ ሞተር ያላቸውን 1.2 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች ሴንሰሩ እንዲለወጥላቸው ጠርቷል። ምልክቱም ሞተሪኖው እያዞረ የዙር መቍጠሪያው ቀስት ከቦታው አለመነሣቱ ነው። ሞተሩ በመንገድ ላይ ቢጠፋ መሪው ይከብዳል፤ የፍሬኑም እርዳታ ይቀንሳል። ነጂው ሳይደነግጥ መሪውን በሁለት እጁ አጥብቆ ይያዝ፤ ፍሬኑን ደጋግሞ ሳያንቀጠቅጥ በኀይል ይርገጥ፤ ከመንገዱም ዳር ያውጣው። ቤተ ሰብ የሚጫንበት ካሚዮን አንድ ጊዜ እንዲህ ካደረገ ሳይመረመር ሁለተኛ መንገድ መውጣት የለበትም።

ሞተሩ እየሠራ ጕልበቱ ቢደክምና ጥቁር ጭስ ቢያበዛ ደግሞ ከኮምፒዩተሩ በፊት የቱርቦው አየር የሚያልፍበት ቱቦ ይታይ። ማሰሪያው የላላ ወይም ጎማው የተሰነጠቀ እንደ ሆነ አየሩ በዚያ ይወጣል። ወደ አየር ሴንሰሩ የሚሄደው ቀጭን ጎማም ሊሰነጠቅ ወይም ሊደፈን ይችላል። የጭሱን ግፊት ወደሚለካው ሴንሰር የሚወስደው ቀጭን ቱቦ በጥቀርሻ ሲደፈንም የሚነገረው ሁሉ ሐሰት ይሆናል። በእነዚህ ምክንያቶች የሚወጣው ወጪ ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው ማጥበቅና ማጽዳት ብቻ ነው።

ብዙ የስሕተት ቍጥሮች በአንድ ጊዜ ሲመጡ «ኮምፒዩተሩ ነው» የሚለው ጥርጣሬ ይበረታል። ነገር ግን ከሴንሰሮቹ ብዙዎቹ ከኮምፒዩተሩ የሚቀበሉት 5 ቮልት አንድ የጋራ ምንጭ አለው። አንዱ ሴንሰር ውስጡ ቢነካካ ወይም አንድ ሽቦ በጋለ ብረት ላይ ተፋትጎ ልጡ ቢላጥ የሁሉንም ኤሌክትሪክ ያወርደዋል። ስለዚህ ቴስተር በሚሉት መለኪያ 5ቱ ቮልት መኖሩን እያዩ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ መንቀል ይገባል። አንዱ ሲነቀል ቮልቱ ከተመለሰ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ሁሉም ተነቅለው፣ ሽቦዎቹ ጤናማ መሆናቸው ታይቶ፣ ለኮምፒዩተሩ የሚገባው ኤሌክትሪክና ወደ ሻንሲው የሚመለሰው ሽቦ ደኅና ሳሉ 5ቱ ቮልት ካልተገኘ ግን፣ ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩን መክሰስ ተገቢ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄዱት ሽቦዎች ከ100 ቮልት በላይ ይይዛሉ፤ ሞተሩ ሲሠራ ሊነኩ አይገባም። የዘይቱም ግፊት እንደ ተነገረው እጅግ ኀይለኛ ነው። ስለዚህ ልጆች በአጠገቡ እንዳይቆሙ፣ ልምድ የሌለውም ሰው የግፊቱን መስመር እንዳይፈታ ይከልከል።

የቤቱ ጌታ ወይም እመቤቲቱ ይህን ሁሉ በእጃቸው እንዲሠሩ አንጠይቅም። ነገር ግን መካኒኩ «ኮምፒዩተር ይገዛ» ባለ ጊዜ በትሕትና ሦስት ነገር ይጠይቁት፤ ምን ለካህ? መሆን የሚገባው ስንት ነበር? ያገኘኸውስ ስንት ነው? ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ በዚህ ጥያቄ አይቈጣም፤ ይልቁንም ደስ ብሎት መለኪያውን ያሳያል። መልስ ያጣ እንደ ሆነ ግን ገንዘቡ በሣጥን ይቈይ፤ ካሚዮኑም ወደ ሌላ መርማሪ ይወሰድ። የተሠራው ሥራ፣ የተለወጠው ዕቃና ቀኑ በቤቱ ደብተር ይጻፍ፤ ይህ መዝገብ ለሚመጣው ምርመራ መነሻ ይሆናልና።

ይህን ሥርዓት ለማስረዳት አንዱን ሞተር ወሰድን እንጂ፣ ኮምፒዩተር ባለው ሞተር ሁሉ ላይ ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ አስቀድሞ ኤሌክትሪኩ፣ ቀጥሎ ሽቦው፣ ከዚያ ሴንሰሩ፣ በመጨረሻ ኮምፒዩተሩ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የሚጠብቅ ቤት ካሚዮኑ አርጅቶም ቀለቡን ያመጣለታል።