የድሬዳዋን አሮጌ ሐዲድ በኪሎ አትመዝኑት

«ሐርጌሳ ተቀምጣችሁ የባቡር ነገር ምን አገባችሁ?» እንባላለን። እቃችን ከበርበራ ተነስቶ በቶጎ ውጫሌ በመኪና ነው የሚገባው፤ እውነት ነው። ግን የብዙዎቻችን ደንበኛም ዘመድም ድሬዳዋ ነው፤ ድሬዳዋን ደግሞ የወለዳት ባቡሩ ነው። ሐዲዱ የሐረርን ዳገት መውጣት ስላቃተው በ1902 እ.ኤ.አ. ቆላው ላይ ቆመ፤ ከተማዋም እዚያው በቀለች።

አዲሱ ሰፊ ሐዲድ በ2016 ሲመረቅ የአንድ ሜትሩ ተረሳ። «ያረጀ ብረት ነው፣ ይሸጥ» ለሚሉት መልስ አለን። እንግሊዝ አገር ቢዩር ቫሊ የሚባል ቦታ፣ ሰፊው ሐዲድ ተነቅሎ ባዶ በቀረ መደብ ላይ በ1990 ወርዱ 38 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሐዲድ አንጥፈው ጎብኚ ያመላልሳሉ። 14 ኪሎ ሜትር ብቻ! የእኛ ጠባብ ሐዲድ ድሮም የተነጠፈ ነው። ኤርትራዎችም በጦርነቱ ለምሽግ የዋለውን ሐዲድ ሰብስበው፣ ጡረተኛ ሠራተኞችን ጠርተው የምጽዋ አስመራን መስመር መልሰዋል።

ለፈረንጅ ፎቶ ብቻ ይሁን ግን አንልም። አሮጌው ጣቢያ መሐል ከተማ ነው፤ የአዲሱ ከከተማ ውጭ። ጎብኚው ከፊት ይሳፈር፤ ከኋላ ደግሞ እናቶቻችን ጥቅላቸውን ይዘው ለሽንሌ፣ ለአዲጋላ፣ ለአይሻ የሚሳፈሩበት ፉርጎ ይቀጠል። ኮንትሮባንድ ይበዛል? ጣቢያ ላይ መፈተሽ በረሃ ለበረሃ ከማሳደድ ይቀላል። ብቻ ያንን ሎኮሞቲቭ ፈትተው መግጠም የሚያውቁት አዛውንት መካኒኮች በሕይወት ሳሉ ይጀመር።